ጨዋማ አፈርን በፍግና በኮምፖስት ማሻሻል

ጨዋማ መሬት በባሕር ዳርቻ ብቻ የሚገኝ አይደለም። እንደ አፍደም ባሉ ሞቃታማ ቆላዎች ትነት ከዝናብ ስለሚበልጥ፣ ውሃው ሲተን የሟሟው ጨው በአፈሩ ገጽ ላይ ይቀራል። ማፋሰሻ የሌለው መስኖ ደግሞ ችግሩን ያፋጥነዋል። የአፋር ክልሉ አሚባራ ለዚህ ቅርብ ማስረጃ ነው፤ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋው የጥጥ መስኖ የከርሰ ምድር ውሃን ወደ ላይ በማውጣቱ ሰፊ ማሳ በጨው ተጎድቶ ከምርት ውጭ ሆኗል።

መፍትሔ ከመፈለግ በፊት አፈሩን መለየት ይገባል። ልል ሆኖ ገጹ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚታይበት አፈር ጨዋማ ነው። ሲረጥብ የሚያጣብቅ፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር ከሆነ ግን ሶዲየም በዝቶበት ሊሆን ይችላል። ደረቅ ጓል የዝናብ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ሳይነቀነቅ አድሮ ውሃው ወተት መስሎ ከደፈረሰ ሶዲየምን መጠርጠር ይቻላል፤ ቁርጡን የሚናገረው የላብራቶሪ ምርመራ ነው። እንዲህ ያለው አፈር ከፍግ በተጨማሪ ጂፕሰም ይፈልጋል፤ በጂፕሰም ውስጥ ያለው ካልሲየም ሶዲየሙን ከአፈር ቅንጣቶች ያስለቅቃል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ፍግ ራሱ ጨውን እንደማያጠፋ ነው። የፍግ ሥራ አፈሩን አላልቶ ለውሃ መንገድ መክፈት ነው፤ ጨውን ወደ ታች የሚያወርደው ውሃው ነው። በ30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለ አፈርን ለማጠብ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ቢሰርግ ከጨው 80 በመቶ ገደማውን ያወርዳል። ይህ በሄክታር 3,000 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ከጉድጓድ እየተቀዳ የሚደረስበት መጠን ስላልሆነ፣ በካራን ወቅት የሚወርደውን ጎርፍ በክትር እያገዱ ከአነስተኛ ማሳ መጀመር ያዋጣል። የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ በሆነበት ቦታ ግን ማፋሰሻ ቦይ ካልተቆፈረ ጨው ተመልሶ ይወጣል።

የከብትና የግመል ፍግ በአካባቢው አይታጣም። ሆኖም ከበረት የተዛቀ፣ ሽንት የጠጣ ትኩስ ፍግ ራሱ ጨው አለበት። ስለዚህ ከሣርና ከአገዳ ጋር ተቀላቅሎ በሚገባ ከተብላላ በኋላ፣ በካሬ ሜትር 1 ኪሎ ግራም ወይም በሄክታር 10 ቶን ያህል፣ ከዝናቡ በፊት ከላይኛው አፈር ጋር ቢደባለቅ ይመረጣል። ማሳውን በገለባ መጎዝጎዝም ትነትን ይቀንሳል፤ ገለባውን ለከብቶቹ መኖ ለሚፈልገው ከፊል አርብቶ አደር ግን ይህ ቀላል ምርጫ አይደለም።

ሽንኩርትና በቆሎ በጨው ፈጥነው ይጎዳሉ፤ ማሽላ የተሻለ ይቋቋማል። የወረር ግብርና ምርምር ማዕከል ጨው በሚቋቋሙ የመኖ ሣሮች ላይ ምርምር ሲያካሂድ ቆይቷል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ሮደስ ሣር እየታጨደ ለከብት ይቀርባል፣ ሥሩም አፈሩን ይከፍታል።