ከውጅግራ በስተጀርባ ያለው ሽክርክሪት

ውድ የትምህርት ዘመን ጓደኞቼ፣ የአንደኛ ዓመት የፊዚክስ ክፍላችንን ታስታውሱታላችሁ? መምህራችን አንድ ቀን እንዝርት ይዘው ገቡና ጠረጴዛው ላይ አሾሩት። ሳቅን። እንዝርቱ እየሾረ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሽክርክሪቱ ሲደክም ተንገዳግዶ ወደቀ። «የአያቶቻችሁ ውጅግራም ምስጢሩ ይኸው ነው» አሉን። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ኋላ ታሪኩን ሳነብ ግን ቀልድ አለመሆኑ ገባኝ።

ነገሩ ከእንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ከቤንጃሚን ሮቢንስ ይጀምራል። በእሱ ዘመን የወታደሩ ጠመንጃ ቧንቧው ልሙጥ፣ አረሩም ድቡልቡል ነበር። አረሩ ግድግዳውን እየገጨ ስለሚወጣ በየት በኩል እንደሚሾር አይታወቅም። ባሩድ ሲጨመር ይፈጥናል እንጂ አቅጣጫው አይታመንም። ሮቢንስ በ1742 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አረር የሚስተው በዚሁ ሽክርክሪት ምክንያት ነው አለ። ታላቁ ሊዮናርድ ኦይለር በ1745 መጽሐፉን ወደ ጀርመንኛ ሲመልስ ይህን አልተቀበለም፤ ጥፋቱን የአረሩ ቅርጽ አለመስተካከል ላይ ጣለው። የሮቢንስ ማስረጃ ግን ሙከራ ነበር። የጠመንጃውን አፍ ወደ ግራ አጥፎ በተደረደሩ ወረቀቶች ላይ ተኮሰ። አረሩ መጀመሪያ ወደ ግራ ሄደ፤ ራቅ ሲል ግን ወደ ቀኝ ታጠፈ። የቀኙን ግድግዳ ታክኮ ሲወጣ ሾሮ ነበርና! ከመቶ ዓመት በኋላ ጀርመናዊው ማግኑስ ሮቢንስ ትክክል እንደነበረ አረጋገጠ።

መፍትሔው ሽክርክሪቱን ማጥፋት ሳይሆን መግራት ነው። ቧንቧው ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ ከተቀረጸ አረሩ እንደ እንዝርት በገዛ ዘንጉ ይሾራል። ሮቢንስ በ1747 ይህን ቀድሞ የሚይዝ አገር በሌላው ላይ የበላይ እንደሚሆን ተናገረ። ጦር ሠራዊቶች ግን አመነቱ፤ አረሩን በቦዩ ውስጥ እየገፉ ማጉረስ ጊዜ ይፈጃል። በ1849 ፈረንሳዊው ሚኒዬ ከበስተኋላው ጎድጎድ ያለ ሹል አረር ሠራ። በቀላሉ ይገባል፤ ሲተኮስ ሰፍቶ ቦዩን ይይዛል።

ሹል አረር ግን የራሱ ጣጣ አለው። የአየሩ ግፊት የሚያርፈው ከክብደቱ ማዕከል ፊት ስለሆነ ሊገለብጠው ይታገላል፤ ፍጥነት ሲጨምር ግፊቱም ይጨምራል። የሚያድነው ሽክርክሪት ነው። በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚሾር ለማወቅ ፍጥነቱን ቦዩ አንድ ዙር ለሚሞላበት ርዝመት ማካፈል ነው። በ1879 ግሪንሂል የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ቀላል ስሌት አወጣ፦ አረሩ ርዝመቱ የውፍረቱ አራት እጥፍ ከሆነ፣ 150ን ለአራት አካፍል፤ ቦዩ በ37.5 ውፍረት ርቀት አንድ ዙር ይሙላ። አረሩ በረዘመ ቁጥር ቦዩ ጠበቅ ብሎ መጠምዘዝ አለበት ማለት ነው።

ይህ ሁሉ እኛ ዘንድ በስም ተቀምጧል። ስናድር የእንግሊዙ ስናይደር ነው፤ በሰከንድ 380 ሜትር ገደማ ይወረውራል፣ ቦዩ በሁለት ሜትር ገደማ አንዴ ይዞራል፤ ስለዚህ አረሩ በሰከንድ 190 ጊዜ ያህል ይሾራል። ውጅግራ የ1874ቱ የፈረንሳይ ግራ ነው፤ 450 ሜትር፣ ከ800 ጊዜ በላይ። ለበን ጭስ አልባ ባሩድ ይዞ የመጣው የ1886ቱ ለቤል ነው፤ ከ600 ሜትር በላይ፣ ከ2500 ጊዜ በላይ።

በ1868 እ.ኤ.አ. አሮጌ ላይ የናፒየር ወታደሮች ከኋላ የሚጎርሰውን ስናድር ይዘው ነበር። የአጼ ቴዎድሮስ ሰዎች በመቶዎች ወደቁ። ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ አድዋ ላይ ግን ውጅግራ በእኛም እጅ ነበር። የሮቢንስ ትንቢት መጀመሪያ በእኛ ላይ ደረሰ፤ ቀጥሎ ትምህርቱን ተማርንበት።

አሁን የምታስተምሩ ባልደረቦቻችን፣ አደራ! ቀመሩን ከመጻፋችሁ በፊት እንዝርቱን አሹሩት። ኦይለርን የሚያህል ሰው የተሳሳተውን፣ አንድ የታጠፈ ቧንቧና ጥቂት ወረቀት አስተካክሎታል።