ባቡሩ ውሃ ይጠጣባቸው የነበሩ ቦታዎች

ከጅቡቲ ወደ ደጋው የሚወጣውን መንገድ ከመሐንዲስ በፊት የቀየሰው የውሃ ጉድጓድ ነው። በከባድ መኪና ጋቢና ተቀምጦ ለሚያልፍ ይህ አይታይም፤ በእግሩ የሄደ ግን በሁለት ሰዓት ውስጥ ይገባዋል። እኛ የአርሂባ ጓደኛሞች ሙቀቱ በረድ ከሚልበት ከጥቅምት እስከ መጋቢት፣ በወር አንድ አርብ ዕቃውንም ሒሳቡንም ትተን ከከተማ እንወጣለን። ብዙ ጊዜ በሚኒባስ እስከ ሆልሆል ሄደን፣ ከዚያ አሮጌውን የባቡር መስመር ተከትለን እንራመዳለን። እግሩ የሚፈጥነው ይቀድማል፣ ወሬ የያዘው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሁላችንም የምንገናኘው የሚጠጣ ነገር ያለበት ቦታ ነው። እዚህ የምንጽፈው ስለዚያ ማረፊያ ነው፤ ከየት እንደመጣና ለነጋዴ ምን እንደነበር።

ከሐዲዱ በፊት የነበረው የሲራራ ነጋዴ ነው። አርሂባ የወደብ ሠራተኞች ሰፈር እንደመሆኗ፣ ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ከታጁራና ከኦቦክ በኩል የመጡ አፋሮች ናቸው። ከታጁራ ተነስቶ በአሳል ሐይቅ በኩል እስከ ሸዋ ግመል መምራት፣ ከሐይቁም ጨው ጭኖ መውጣት የእነሱ ወገን ሥራ ነበር። አሳል ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ነው፤ ከዚያ ተነስቶ አንኮበር መውጣት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ለምኒልክ ሊሸጥ ጠመንጃ ጭኖ ከታጁራ የተነሳው በ1886 መገባደጃ ሲሆን፣ አንኮበር የደረሰው በ1887 መጀመሪያ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አራት ወር ገደማ ፈጀበት። ቅፍለቱ በቀን ምን ያህል እንደሚሄድ የሚወስነው የሚቀጥለው ጉድጓድ ነበር። ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ ግመል ይጠጣል፣ ጭነት ይራገፋል፣ ወተት ይገዛል፣ ለአገሩ ባለቤቶች የሚከፈለው ይከፈላል። ከፊት ስላለው መንገድ ወሬ የሚሰማውም እዚያው ነው።

ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1894 ነው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር። መንግሥታቱና ኩባንያዎቹ በመስመሩ ላይ ስላደረጉት ሽኩቻ ብዙ ተጽፏልና እሱን እንለፈው። ለእኛ የሚበልጠው ነገር የእንፋሎት ባቡር ውሃ ጠጪ መሆኑ ነው። ከግመልም ይብሳል፤ ግመል ቀናት ይታገሣል፣ ባቡሩ ግን ጋኑ ከጎደለ አይነቃነቅም። ስለዚህ ውሃ የሚሞላባቸው ጣቢያዎች ያስፈልጉት ነበር። መስመሩ ነጠላ በመሆኑም የሚወጣውና የሚወርደው ባቡር የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ብቻ ነው፤ አንዱ ቆሞ ሌላውን ይጠብቃል። ባቡር በቆመበት ሰው ይወርዳል። ሰው በወረደበት ደግሞ ጀበናና ቴርሞስ የያዘች ሴት አትጠፋም።

ሆልሆል ላይ ፈረንሳዮቹ በደረቁ ወንዝ ላይ የሠሩት የብረት ድልድይ አለ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ወደ ሥሩ ወርደን ከምሰሶው ጥላ እንቀመጣለን፤ ዳቦና ተምር ይወጣል፣ ውሃ ይዞራል። አዲሱ ባቡር በዚሁ አካባቢ በሌላ ድልድይ፣ በኮንክሪት፣ ያልፋል። የብረቱ ውበት አይካድም፤ ግን በዚያ ሙቀት ድንጋይ የፈለጡትንና ብረት የተሸከሙትን ሰዎች ሳያስቡ ማድነቅ ይከብዳል።

የቀድሞው ባቡር ሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ሲፈጅ መንገደኛው አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ ያድራል። ቡፌ የሚባለው የጣቢያ ምግብ ቤትና መጠጥ ቤት የተወለደው ከዚህ ነው። ባለቤቶቹ ብዙ ጊዜ ግሪኮች ነበሩ፤ የአዋሹ ቡፌ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ስሙ ይነሳ ነበር። ፈረንሳይኛውም በዚሁ መንገድ ወደ አማርኛ ገባ፦ አዲስ አበባ ላይ «ላ ጋር» የተባለው ጣቢያ ለገሃር ሆነ፣ የዕቃው ክፍልም ፉርጎ።

ፉርጎን ካነሳን የእናቶቻችንን ነገር መተው አይቻልም። ከመካከላችን በዚያ ባቡር ንግድ ያደጉ አሉ። ጨርቁ፣ ሩዙ፣ ሽቶው ከዚህ ይወጣል፤ ጫቱና አትክልቱ ከዚያ ይወርዳል፤ የወጣው ድሬዳዋ ቀፊራ ላይ ይበተናል። ለትንሽ ነጋዴ ጣቢያው ገበያ ብቻ አልነበረም። ደወሌ ላይ ፍተሻው ዛሬ ጠንካራ ነው ወይስ ላላ ያለ፣ ሩዝ ድሬ ላይ ስንት ገባ፣ የእገሊት ዕቃ ምን ሆነ፣ ይህ ሁሉ የሚታወቀው አንድ ብርጭቆ ሻይ እስኪጠጣ ድረስ ነው። ብድርም የሚከፈለው፣ ለዘመድ መልእክት የሚላከውም እዚያ ነው።

ከከተማ በእግር መውጣት ራሱ የማይቻልበት ጊዜ ነበር። በ1966 ደጎል ጅቡቲን ሲጎበኙ ሰልፍና ረብሻ ተነሳ፤ ከዚያ በኋላ ፈረንሳዮች ከተማዋን 14 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ የሽቦ አጥር ከበቧት። ወታደር ይጠብቀው ነበር፣ ፈንጂም ነበረው፤ በስውር ሊሻገሩ ሲሉ የሞቱ አሉ። መግባት የተከለከሉት ከአጥሩ ውጭ ሰፈሩ፤ ባልባላ ያደገችው እንዲህ ነው። ዛሬ በሚኒባስ እየሳቅን የምናልፋት ባልባላ ማለት ናት።

በ1950ዎቹ የናፍጣ ባቡር መጣና የውሃው ጥም ቀረ። የሚገርመው ማረፊያዎቹ አብረው አለመቅረታቸው ነው። ሰው አንዴ ሰፍሯል፣ ሱቅ ከፍቷል፣ ልጅ ወልዷል፤ ባቡሩም በልማድ መቆሙን ቀጠለ። ጅቡቲ ነፃ በወጣችበት በ1977 በሶማሊያ ጦርነት መስመሩ ተቋረጠ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ተጠግኖ ማረፊያዎቹ እንደገና ነፍስ ዘሩ። የመጨረሻው ድካም የመጣው በ2008 ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው ጉዞ ሲቆም ነው።

በ2017 መጀመሪያ በጅቡቲ በኩል የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ውሃም ወሬም አይፈልግም። የመንገደኛው ባቡር የሚቆምባቸው ጣቢያዎች ጥቂት ናቸው፣ ያሉትም ከከተማው ራቅ ያሉ። አሮጌው ይሻል ነበር አንልም፤ ይዘገያል፣ ከሐዲድ ይወጣል፣ ፉርጎው ውስጥ ያለው ሙቀት ሰው ይቀቅላል። ሆኖም በሁለት ማዳበሪያ ዕቃ የምትነግድ ሴት መንገድ ላይ ወርዳ የምትሸጥበት ቦታ አጥታለች። ለኮንቴነር የተሠራ መስመር ለዘንቢል አይቆምም። ለዚህ ነው ብዙዎቻችን ወደ መኪናው መንገድ የዞርነው፤ ማረፊያውም አብሮን ወደ አስፋልቱ ዳር ተሰደደ።

ውሃውም አቅጣጫ ለውጧል። ከ2017 ጀምሮ በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ከተቆፈሩ ጉድጓዶች በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ገደማ እንዲሰጥ የታቀደ ቧንቧ በአሊ ሳቢህ በኩል ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። ድሮ ሰው ወደ ጉድጓዱ ይወጣ ነበር፤ አሁን ጉድጓዱ ወደ ሰው ይመጣል።

እኛም ከሆልሆል ስንመለስ የመጨረሻውን ማረፊያ የምናደርገው ምኒልክ አደባባይ ነው። በመንግሥት ስሙ የ27 ሰኔ 1977 አደባባይ ቢባልም፣ ሹፌሩን ምኒልክ ካላላችሁት ግራ ይገባዋል። ቢራ የሚጠጣው ቢራውን፣ የማይጠጣው ሻዩን ይዞ፣ የሳምንቱ ዋጋ እዚያ ይወራል፤ ዶላሩ፣ ትራንዚቱ፣ ድሬ ላይ የወደቀው ዕቃ። የሚቀጥለው ወር ጉዞ ወደ ሸበሌ ድልድይ ነው፣ ከሆልሆል ይቀርባል። መምጣት የምትፈልጉ ሁለት ሊትር ውሃና ኮፍያ ያዙ፤ መንገድ ላይ ሻይ የሚሸጥ የለም።