ፎጣ ያገለደሙ ሰዎች ቤት

እስቲ ጠጋ በሉ። የዛሬው ወሬ ከሩቅ አገር ይነሣና፣ በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ይገባል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፤ የኛን ስደርስበት አስታውሳችኋለሁ።

ነገሩ ኒው ዮርክ ነው። ድሮ የከተማው ድሃ በታጨቀ ፎቅ ቤት ይኖራል፤ መታጠቢያ የለው፣ ሙቅ ውሃ የለው። እኛ ዘንድ ቤቱ ቧንቧ ያልገባለት ሰው ሻወር ቤት እንደሚሄደው፣ እዚያም ከፍሎ ይታጠባል፣ እንፋሎት ይሞቃል፣ ጋደም ብሎ ያርፋል። በ1888 ጄምስ ኤቨራርድ የሚባል ቢራ ጠማቂ፣ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን የነበረ ሕንፃ መታጠቢያ ቤት አደረገው። ምን ላድርግ፣ ታሪኩ እንዲህ ነው!

ከሚታጠቡት መሃል ወንድ ሆነው ወንድ የሚወዱ ነበሩ። ሕጉ ያስራቸዋል፣ አሠሪ ያባርራቸዋል፣ ዘመድ ይክዳቸዋል። እንፋሎቱ ውስጥ ግን ፎጣ ያገለደመ ሰው ሀብታም ይሁን ወዛደር ማን ይለየዋል? እየዋለ እያደረ አንዳንዱ ቤት የእነሱ ሆነ። ደህና መደበቂያም አልነበረም፤ በ1903 ፖሊስ አሪስተን የሚባለውን ቤት ሌሊት ከቦ 26 ሰው ያዘ፣ እስከ 20 ዓመት እስራት የተፈረደበትም ነበር።

ወጉ የሚጥመው ከ1968 ወዲህ ነው። ስቲቭ ኦስትሮው የሚባል ሰው አንሶኒያ በተባለ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት ኮንቲኔንታል የሚባል መታጠቢያ ቤት ከፈተ። መዋኛ አለ፣ መጨፈሪያ አለ፣ መድረክ አለ፤ ፖሊስ ሲመጣ የሚያስጠነቅቅ መብራትም አለ። ገና ስሟ ያልገነነ ቤት ሚድለር የምትባል ዘፋኝ ትዘፍናለች፣ ባሪ ማኒሎው ፒያኖ ይመታላታል፣ ታዳሚው ፎጣውን እንዳገለደመ ያጨበጭባል። ዝናው ሲወጣ ልብስ የለበሰው፣ ከረባት ያሰረው፣ ሚስቱን የያዘው ሁሉ ለትርኢት ይጎርፍ ጀመር። ነባሮቹን ደንበኞች እንግዳ አባረራቸው፤ ቤቱም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። የኤቨራርድ ቤት ደግሞ በ1977 በእሳት ጋየ፤ 9 ሰው ሞተ።

ከዚያ 1981 መጣ። በሰኔ ወር የአሜሪካ ሐኪሞች በአምስት ወጣት ወንዶች ላይ ያዩትን እንግዳ የሳንባ በሽታ ጽፈው አወጡ፤ ኋላ ኤድስ የተባለው ነው። ጣት ሁሉ ወንድ ከወንድ ወደሚገናኝባቸው መታጠቢያ ቤቶች ተቀሰረ። ደንበኞቹ ራሳቸው ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሹ «ይዘጋ፣ ወንድሞቻችን እያለቁ ነው» ሲል፣ ግማሹ «የት ታገኙናላችሁ? እዚሁ አስተምሩን» አለ። ሁለቱም ቀብር የሚመላለሱ ሰዎች ነበሩ፤ ለመፍረድ አትቸኩሉ። በጥቅምት 1984 የሳን ፍራንሲስኮ ጤና ኃላፊ 14 ቤቶች እንዲዘጉ አዘዘ። በታኅሣሥ 1985 ኒው ዮርክ ኮንዶምና የማስተማሪያ ወረቀት ያድል የነበረውን ሴንት ማርክስ የሚባል መታጠቢያ ቤት አሸገ።

አሁን ወደ ሰፈራችን። እኛ አገር ቫይረሱ በብዛት የተዛመተው በወንድና በሴት መካከል ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን የታወቁትም በ1978 ዓ.ም.፣ በኛ አቆጣጠር፣ ነው። ያን ጊዜ ከአሰብ በሚሌና በባቲ የሚመጣ የጭነት መኪና ኮምቦልቻን ሳይረግጥ አያልፍም ነበር። ሾፌር ባደረበት ቡና ቤት አለ፣ ቡና ቤት ባለበት የምትሠራ ሴት አለች። እዚህም ጣት ተቀሰረ፤ «እነሱ ናቸው ያመጡት» ተባለ። ግን ቡና ቤቱ አልታሸገም። ሕይወት ትረስት ኮንዶም በየባንኮኒውና በየኪዮስኩ ገባ። እኔን ብትጠይቁኝ፣ የሴንት ማርክስ ሰዎች የለመኑት ይህንኑ ነበር። የኛ ሕግ ግን ለእነሱ ብጤዎች ዛሬም በር አይከፍትም፤ በኛ አቆጣጠር የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ያስራቸዋል።

በአሜሪካ ጥቂቶቹ ቤቶች ዛሬም ይሠራሉ፤ ለብዙዎቹ ግን ከበሽታው የተረፈውን ስልክ ወሰደው። ከ2009 ጀምሮ ማን በአቅራቢያ እንዳለ የሚያሳይ መተግበሪያ መጣ፤ ፎጣም እንፋሎትም ቀረ። ሴንት ማርክስ የነበረበት ሕንፃ ምን ሆነ ብትሉኝ፣ ቪዲዮ ቤት! ኪምስ የሚባል ስመ ጥር የፊልም ማከራያ። እሱንም ያው ኢንተርኔት በ2009 ከዚያ አስነሣው፤ ካሴትና ዲቪዲው ተጭኖ ጣሊያን አገር ሲሲሊ ሄደ።