ሽመልና ምክቶሽ



በመተማና በሸሕዲ ቆላ የሚበቅለው ሽመል ከደጋው ቀርቀሃ የሚለየው ውስጡ ድፍን ለመሆን የተቃረበ በመሆኑ ነው። ስለዚህ ጽኑ በትር ይወጣዋል፤ ስሙም ለበትሩ ጭምር መጠሪያ ሆኗል።

አባቶቻችን ልጆቻቸውን ለሰይፍና ለጋሻ ካለማመዱባቸው ጨዋታዎች አንዱ ምክቶሽ ነው፤ ይኸውም በቀኝ እጅ በትር፥ በግራ ጋሻ ይዞ መፋለም ነው። ስሙን ልብ እንበል። የወጣው «መከተ» ከሚለው ግሥ ነው እንጂ «መታ» ከሚለው አይደለም።

ጨዋታው የእኛ ብቻ አይደለም። በግብጽ በራምሴስ 3ኛ ቤተ መቅደስ ከ3,000 ዓመት በፊት የተቀረጹ ተጋጣሚዎች ግራ ክንዳቸውን ከልለው በበትር ሲፋለሙ ይታያሉ። «ተህቲብ» የተባለው የግብጻውያን የበትር ጨዋታም በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የቅርስ መዝገብ ሰፍሯል።

ወደ መተማ እንመለስ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋራ በተደረገው ጦርነት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በጥይት ቆስለው በማግሥቱ ዐረፉ። ጋሻ ሰይፍን ይመክታል፤ ጥይትን ግን አይመክትም። ጠመንጃ በተስፋፋ መጠን የምክቶሽም የጦር ትምህርትነት አበቃ። ሆኖም አንድ ቁም ነገር ይቀረዋል፤ በበትር የተጋጠሙ ሁለት ጎበዞች ጨዋታው ሲያበቃ ሁለቱም ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።