የላፕቶፕ ቻርጅ ችግር በአዲስ አበባ

የላፕቶፕ ቻርጅ ችግር የሚባለው ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ባትሪው አልሞላ ሲል፣ እየሞላ ሲቋረጥ ወይም ሞልቶ ቶሎ ሲያልቅ ነው። ቦሌን፣ መገናኛንና ገርጂን በመሳሰሉ ሰፈሮች ችግሩ የገጠመው ሰው ብዙ ጊዜ አዲስ ባትሪ ለመግዛት ይጣደፋል። ኃይሉ ግን ባትሪው ጋ ከመድረሱ በፊት በሶኬት፣ በስፒና፣ በቻርጀር፣ በላፕቶፑ መሰኪያና በማዘርቦርድ ያልፋል፤ ከእነዚህ አንዱ ሲበላሽ ደህናው ባትሪ የሞተ ይመስላል።

አሠራር

የዛሬ ላፕቶፖች የሚጠቀሙበትን የሊቲየም አዮን ባትሪ በ1991 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው ሶኒ ነው። ለቴክኖሎጂው መሠረት የጣሉት ጆን ጉድኢናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ በ2019 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የተለመደው ዓይነት ሴል ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ገደማ ይደርሳል። ቻርጁ በቋሚ ከረንት ይጀምርና ቮልቴጁ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ከረንቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የመጨረሻው ክፍል የሚዘገየው በዚህ ምክንያት ነው። ባትሪው ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ሙቀቱ ከመጠን ካለፈ ቻርጁን ያቆማል።

የአካባቢው መንስኤዎች

የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ሲሆን የተለመደው ሶኬት ክብ ጥርስ ይቀበላል። ከዱባይ የሚመጣ ላፕቶፕ ባለ ሦስት፣ ከአሜሪካ የሚመጣው ደግሞ ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው ስፒና ስለሚኖረው በመቀየሪያ ይሰካል። የላላ መቀየሪያ ይግላል፣ ብልጭታ ይፈጥራል፣ ቻርጁንም ያቆራርጣል። ቻርጀሩ ላይ «100–240 ቮልት» ተብሎ ከተጻፈ ከአሜሪካ ለመጣ ላፕቶፕ ትራንስፎርመር አያስፈልግም፤ የሚስማማ ገመድ ይበቃል።

ሁለተኛው መንስኤ የኃይል መቆራረጥና መዋዠቅ ነው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውሃ በመቀነሱ በመላው አገሪቱ መብራት በፈረቃ ሆኖ ነበር። ለቻርጀር ግን ከመቋረጡ ይበልጥ የሚያሰጋው መብራት ሲመለስ ቮልቴጁ የሚዋዥቅበት ቅጽበት ነው። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ይመከራል።

ሦስተኛው የማይመጥን ቻርጀር ነው። 65 ዋት የሚፈልግ ላፕቶፕ 45 ዋት ሲሰጠው በዝግታ ይሞላል ወይም ጨርሶ አይሞላም። ክብ ጫፍ ያለው ቻርጀር የሚጠቀሙ የዴል ላፕቶፖች ቻርጀሩን በመሰኪያው መካከል ባለች ቀጭን ፒን ይለያሉ፤ ፒኗ ከተሰበረች ኮምፒውተሩ ይሠራል፣ ባትሪው ግን አይሞላም።

የምርመራ ቅደም ተከተል

1. በዚያው ሶኬት ላይ ሌላ ዕቃ ሰክቶ መሞከር፤ ከዚያ ዲቫይደሩን ትቶ ቻርጀሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ መሰካት።
2. ቮልቴጁና ዋቱ የሚመጥን ሌላ ቻርጀር መሞከር። ክብ ጫፍ ያለው ቻርጀር በመልቲሜትር ሲለካ በላዩ የተጻፈውን፣ ብዙ ጊዜ 19፣ 19.5 ወይም 20 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት።
3. መሰኪያውን ቀስ ብሎ ነካ ማድረግ። የቻርጅ ምልክቱ ብልጭ ድርግም ካለ መሰኪያው ላልቷል፤ ጥገናው ብየዳ ወይም መሰኪያ መቀየር ነው።
4. ሴቲንጉን ማየት። ሌኖቮና አሱስን የመሳሰሉ አምራቾች ባትሪው እንዲቆይ ቻርጁ 60 ወይም 80 በመቶ ላይ እንዲቆም የሚያደርግ ምርጫ አላቸው፤ ይህ ብልሽት አይደለም።
5. ላፕቶፑን አጥፍቶ፣ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ የማብሪያ ቁልፉን 30 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝና እንደገና መሰካት። ይህ የተዛባውን የቻርጅ መቆጣጠሪያ አንዳንዴ ያስተካክለዋል።
6. በዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት ማውጣት። ሪፖርቱ ባትሪው ሲመረት የነበረውን አቅምና አሁን የሚይዘውን ያነጻጽራል። 50 ዋት ሰዓት የነበረው 25 ብቻ ከያዘ ባትሪው አርጅቷል።

ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ይህን ሪፖርት ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ሊያይ ይገባል። ሁሉም ደህና ሆኖ ቻርጅ አልይዝ ካለ ጥርጣሬው ወደ ማዘርቦርዱ ስለሚዞር ሥራው የባለሙያ ነው።

ያበጠ ባትሪና የአየር ጉዞ

የመዳሰሻ ሰሌዳው ወደ ላይ ከተነሳ ወይም የላፕቶፑ ሆድ ከተነፋ ባትሪው አብጧል። በሊቲየም የሚነሳ እሳት ለማጥፋት ስለሚያስቸግር ያበጠ ባትሪ ቻርጅ አይደረግም፣ አይጫንም፣ አይበሳም፤ ላፕቶፑ ጠፍቶ ባለሙያ ባትሪውን ያወጣዋል።

ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ለሚነሳ መንገደኛም የአየር ጉዞው ዓለም አቀፍ ደንብ ይሠራል። ትርፍ ባትሪ የሚያዘው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ይፈቀዳል፤ ከ100 እስከ 160 የሆነው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ዋት ሰዓቱ ካልተጻፈ ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ ማባዛት ነው፤ 11.4 ቮልትና 4 አምፔር ሰዓት 45.6 ዋት ሰዓት ይሆናል። ያበጠ ወይም የተጎዳ ባትሪ በአውሮፕላን አይወሰድም።