ቢልሃርዚያ ጉበትን ሲጎዳ፦ ቀዶ ሕክምና የሚፈታውና የማይፈታው

በሸዋሮቢትና በይፋት ቆላ ሽንኩርት የሚያለማው የመስኖ ውኃ የአንጀት ቢልሃርዚያንም ሊያስተላልፍ ይችላል። በውኃው ካሉ ቀንድ አውጣዎች የሚወጣው ጥገኛ ተውሳክ ቆዳን በስቶ ይገባል፤ ትሎቹ ከሚጥሉት እንቁላል ከፊሉ በደም ተጉዞ ጉበት ውስጥ ይቀራል።

በሽታው ለዓመታት ካልታከመ በጉበት ደም ሥሮች ዙሪያ ጠባሳ ይፈጠራል። ደም በጉበት በኩል ማለፍ ሲያዳግተው ጣፊያ ያብጣል፤ በምግብ ቧንቧ ያሉ ደም ሥሮችም ተወጥረው ሊፈነዱ ይችላሉ። ደም ማስታወክና እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ አጣዳፊ ሕክምና የሚሹ ምልክቶች ናቸው።

የተወጠሩት ደም ሥሮች በቅድሚያ በኢንዶስኮፒ ይታሰራሉ። መድማቱ ካልቆመ በቀዶ ሕክምና ጣፊያው ይወጣል፤ ወደ ደም ሥሮቹ የሚሄደው ደምም ይዘጋል። በቢልሃርዚያ የጉበት ሕዋሳት በአብዛኛው ሥራቸውን ስለማያቆሙ፣ መድማቱ የተገታለት ታካሚ ወደ እርሻው ሊመለስ ይችላል። ጠባሳው ግን በቀዶ ሕክምና አይጠፋም።

ጣፊያው የወጣለት ሰው ወባንና ሌሎች ኢንፌክሽኖችን የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ወባ በሚገኝበት በይፋት ቆላ አጎበር ሊለየው አይገባም፤ ትኩሳት ከተሰማውም በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ፣ ስለ ክትባትም ሐኪሙን መጠየቅ ይኖርበታል።

ከዚህ ደረጃ ላለመድረስ ዋናው መንገድ የሰገራ ምርመራ በጊዜ ማድረግ ነው። ፕራዚኳንቴል ትሎቹን ይገድላል፤ ዳግም መያዝን ግን አይከላከልም። በመሆኑም መስኖ ሲያጠጡ ቦቲ ጫማ ማድረግ፣ ሕፃናትን ከወንዝ ዋና መከልከልና በመጸዳጃ ቤት መጠቀም ከመድኃኒቱ እኩል አስፈላጊ ናቸው።