ያገለገለ ተሽከርካሪ ከሌላ ክልል ሲገዛ መሟላት ያለባቸው ጉዳዮች

ምርት ወደ ገበያ ለማድረስ ያገለገለ አይሱዙ ወይም ፒክአፕ ከአዲስ አበባ ገዝተው ወደ ክልላቸው የሚወስዱ አርሶ አደሮችና ነጋዴዎች አሉ። ይሁን እንጂ ቁልፍ መረከብ ብቻውን ለባለቤትነት አያበቃም፤ ሊብሬው ወደ ገዢው ስም መዞር አለበት።

ከክፍያ በፊት በሊብሬው የሠፈሩት የሞተርና የሻንሲ ቁጥሮች ከተሽከርካሪው ጋር ይመሳከራሉ። የባንክ ዕዳም ሆነ የፍርድ ቤት እግድ አለመኖሩ ከመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ይጣራል። ከቀረጥ ነጻ የገባ ተሽከርካሪ መብቱ ለሌለው ሰው የሚተላለፈው ቀረጡና ታክሱ ተከፍሎ ነው። ተሽከርካሪው የባልና ሚስት የጋራ ሀብት ከሆነ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል።

የሽያጭ ውሉ በሰነድ አረጋጋጭ ፊት ከተፈረመ በኋላ ስም ይዞራል፤ ፋይሉም ገዢው ወደሚኖርበት ክልል እንዲዛወር ይጠየቃል። በጉዞ ወቅት ሊብሬ፣ ያልተቃጠለ ቦሎ፣ መንጃ ፈቃድና የሦስተኛ ወገን መድን ማስረጃ ሊኖሩ ይገባል። መድኑ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ሆኗል።

አንዳንዶች ወጪና እንግልት ለመቀነስ ሲሉ ስም ሳያዞሩ በውክልና ብቻ ይነዳሉ። ውክልና ግን በወካዩ ፈቃድ ሊሻር ይችላል፤ ወካዩ ሲሞትም ቀሪ ይሆናል። ያን ጊዜ ገዢው ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ሳለ ከወራሾች ጋር ሙግት ሊገጥም ይችላል። ሻጩም ከስጋት ነጻ አይደለም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። ስም ማዞር ስለዚህ ለሁለቱም ወገን ዋስትና ነው።